ጥርን ያለፈች ጀልባ

ሚኒሶታ በምትባለው የአሜሪካ ግዛት ሁለት ኢትዮጵያውያን ጎረቤታሞች ነበሩ እንበል። አንደኛው የደብረ ብርሃን ሰው፣ በዕድሜ የገፉ፣ የአውቶቡስ ሞተር ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ሌላው ጣና ዳር ያደገ ጎልማሳ ነው። ጎልማሳው ከአገሩ ከወጣ ጀምሮ የናፈቀው ውሃ ነበርና፣ በትርፍ ሰዓት ሥራ ያጠራቀመውን ይዞ ሄዶ ከኋላዋ ሞተር የተገጠመላት ያገለገለች የአሉሚኒየም ጀልባ ከነተሳቢዋ ገዛ።

በልጅነቱ የሚያውቃት ታንኳ ከደንገል የምትታሰር ነበረች። ውሃ ስትጠጣ ትከብዳለች፤ ባለቤቷም ከሐይቁ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያደርቃታል። የአሁኗ ጀልባ ውሃ የምትይዘው ዓይን በማያየው ቦታ ነው። በፓምፖቿ፣ በቱቦዎቿ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የተያዘው ዓሣ ሕይወቱ ሳይወጣ የሚቆይበትን ገንዳ ከሐይቁ ጋር በሚያገናኙት ጠባብ መስመሮች ውስጥ ውሃ ይቀራል።

ጥቅምት ሲገባ ሽማግሌው ግቢው ድረስ መጡ። «ልጄ፣ እዚህ አገር ጀልባን የሚገድላት ውስጧ የቀረው ውሃ ነው» አሉት። ከሰዓት በኋላውን አብረው ዋሉ። ሞተሩን ቀጥ አድርገው ወደ ታች አወረዱት፤ እንዲያ ሲሆን የያዘው ውሃ በራሱ ፈስሶ ያልቃል። የማርሹን ዘይት ቀየሩ፤ ውሃ የገባበት ዘይት ወተት መስሎ ይነጣል፣ በብርድ ጊዜም የማርሹን ቤት ይሰነጥቃል። ባትሪውን በደንብ ቻርጅ አድርገው ጋራዥ አስገቡት፤ የሞላ ባትሪ በቀላሉ አይረጋም፣ የደከመው ግን ብርድ አይችልም። በመጨረሻ የዓሣ ገንዳው መስመሮች ቀሩ። እነዚህ እየተጠማዘዙ የሚሄዱ ስለሆኑ ዝቅ ባለው ቦታ ሁሉ ጥቂት ጥቂት ውሃ ያቁራሉ። ሽማግሌው ሮዝ ቀለም ያለውን አንቲፍሪዝ በፓምፑ እየገፉ፣ በሌላኛው ጫፍ ሮዙ ፈሳሽ እስኪወጣ ድረስ አሳለፉበት። ለመኪና ራዲያተር የሚሆነውን ዓይነት ጎልማሳው ይዞ ሲመጣ አልፈቀዱም፤ መርዝ ነው፣ ኋላ ሲታጠብ ሐይቅ ውስጥ ይገባል።

ከዚያ ብርዱ መጣ። የሚኒሶታን ብርድ ላላየው መንገር ይቸግራል። ታወር በምትባል የሰሜን ከተማ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1996 ከዜሮ በታች 51 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተመዝግቧል። የእኛ ሰዎች በሚኖሩበት በደቡቡ በኩል እንኳ ጥር ላይ ከዜሮ በታች 25 እና 30 ማየት እንግዳ አይደለም። ጀልባዋ ያንን ሁሉ ሌሊት በበረዶ ተቀብራ አሳለፈች፤ አንድም ነገሯ አልተነካም።

ሚያዝያ አጋማሽ ላይ በረዶው ቀለጠ፣ ሣሩ ብቅ አለ። በግዛቲቱ ዎልአይ የሚባለው ዓሣ ማስገር የሚፈቀደው በግንቦት መግቢያ ባለው አንድ ቅዳሜ ነው፤ ያን ቀን ሕዝቡ እንደ በዓል ይጠብቀዋል። ጎልማሳው አላስቻለውም። ጀልባዋን ጠራርጎ፣ በጎማ ውሃ ለቅቆ፣ ሮዙን ፈሳሽ ከመስመሮቹ አጥቦ አስወጣ። ገንዳውን ሞላ፣ ፓምፑን አስነሳ፣ ውሃው ሲሽከረከር ልጆቹን ጠርቶ አሳያቸው። ከዚያ ገንዳውን አፈሰሰውና ገባ። መስመሮቹ ያቆሩትን አላየም።

ማታ ሽማግሌው ከእግር ጉዟቸው ሲመለሱ አጥሩ ጋ ቆሙ። «ሰማዩን አየኸው? ደመና የለ፣ ነፋስ የለ። እኛ አገር እንዲህ ባለ ማታ ነው ገብሱን ውርጭ የሚመታው። ቱቦውን ንፋበት፣ ካልሆነም ሮዙን መልስበት።»

«ጋሼ፣ የጥርን ብርድ የቻለች ጀልባ ለሚያዝያ ትበገራለች?» አለ እየሳቀ።

«አንተ ታውቃለህ» ብለው ሄዱ።

ሽማግሌው የነገሩት ነገር በደብረ ብርሃንም በሚኒሶታም አንድ ነው። ደመና ሲኖር ምድር የምትተፋውን ሙቀት እየተቀበለ መልሶ ወደ ታች ይልከዋል፤ ሰማዩ ሲጠራ ግን ሙቀቱ ወደ ሕዋ ይሄዳል። ነፋስ ከሌለ ደግሞ ከላይ ያለው ሞቅ ያለ አየር ከታችኛው ጋር ስለማይቀላቀል ቅዝቃዜው መሬት ላይ ይተኛል። ሐይቅ ላይ የታሰረች ጀልባ በእንዲህ ያለ ሌሊት ትተርፋለች፤ ከሥሯ ያለው ብዙ ውሃ ያሞቃታል። ተሳቢ ላይ ያለችው ግን ከላይም ከታችም ከጎንም ትበርዳለች። ያን ሌሊት ከዜሮ በታች 8 ዲግሪ ወረደ። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከፓምፑ ሥር ባለው ፕላስቲክ መጋጠሚያ ውስጥ የቀረው ግማሽ ስኒ የማይሞላ ውሃ ነበር፤ እርሱ በቃ።

ጠዋት ፀሐይ ወጣች፣ በረዶው ቀለጠ፣ ጠብ ያለ ነገር አልታየም። ጀልባዋ እንደ ትናንቱ ታበራለች።

በፈቃዱ ቀን ሁለቱም ሚላክስ ወደሚባለው፣ ከ500 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ወደሚሰፋው ሐይቅ ወረዱ። ከዳር ርቀው መንጠቆ እንደጣሉ ሽማግሌው እግራቸው ሥር ቀዝቃዛ ነገር ተሰማቸው። ውሃ ነው። የጀልባዋ ኋላ ዝቅ ብሏል፤ መጋጠሚያው ከውሃው ወለል በታች ስለሆነ ሐይቁ በስንጥቁ ገብቶ እየሞላት ነበር። የውሃ ማውጫውን ፓምፕ አስነሥተው፣ ጎልማሳው በባልዲ እየቀዳ፣ ሽማግሌው እየነዱ በጭንቅ ዳር ደረሱ። በዚያ ወቅት ሐይቁ ውስጥ የወደቀ ሰው ቅዝቃዜው ትንፋሹን ይቀማዋል፤ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ከሌለው ዋና መቻሉም ብዙ አያስጥለውም።

ዳር ላይ ጎልማሳው ስንጥቁን ሲያየው ፀጉር ያህል ቀጭን ነው። «ጥርን ችላ እንዴት በዚህች…» አለ።

«ጥርን እኮ አልቻለችም ልጄ» አሉት ሽማግሌው። «ጥር ሲመጣ ውሃ አልነበረባትም።»

ምሳሌውን ያመጣሁት በየቤታችን ስለማየው ነገር ነው። የደም ግፊት ያለበት ወንድማችን ክኒኑን ይጀምራል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ መለኪያው 120 በ80 ያሳየዋል፤ «ድኛለሁ» ብሎ ያቆማል። ቁጥሩን ያወረደችው ክኒኗ መሆኗን ይረሳል። ግፊቱ ሲመለስ አያምም፣ አያስልም፤ ስንጥቁ የሚታወቀው ጭነት ሲመጣ ነው፤ አንዳንዴ በስትሮክ፣ አንዳንዴ በኩላሊት። የሳንባ ነቀርሳም እንዲሁ ነው። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው፤ ሳሉና ትኩሳቱ ግን ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ውስጥ ስለሚቀንሱ ሰው ሥራ እጀምራለሁ ብሎ ያቋርጣል። ተሐዋሲው ተመልሶ ሲመጣ መድኃኒቱን የለመደ ሆኖ ሊመጣ ይችላል፤ ያኔ ሕክምናው ይከብዳል፣ የቤተሰቡም ሥጋት ይጨምራል።

በስደት አገርም አየዋለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ሰው የሚያድረው ወዳጁ ሶፋ ላይ ነው፣ የሚበላው እድርተኞቹ ይዘውለት ከመጡት ነው። ሥራ ሲይዝ፣ መኪና ሲገዛ፣ ከማኅበሩ ቀስ በቀስ ይጠፋል። «ያንን ጊዜ ያለፍኩ ሰው ነኝ» ይላል። ያሳለፉትን ሰዎች ስልክ ቁጥር እንኳ አጥፍቶታል። ሥራው ሲቀር ወይም ትዳሩ ሲናጋ የሚደውልለት የለም፤ ብዙ ጎበዝ ሰው በዚህ ሲሰበር አይቻለሁና ነገሩ ያንገበግበኛል።

ወደ ጀልባዋ ልመለስና፣ ሮዙ ፈሳሽ መውጣቱ ስህተት አልነበረም፤ አንድ ቀን መውጣት አለበት። ልማድ ያላቸው ዓሣ አጥማጆች የሚያስወጡት ጀልባዋ ውሃ ላይ ልትወርድ ስትል፣ የሌሊቱን የአየር ትንበያ አይተው ነው፤ ድንገት ውርጭ ካለም መስመሩን በአየር ነፍተው ያድራሉ። የነቀርሳ ታማሚም 6 ወሩን ጨርሶ፣ አክታው ተመርምሮ፣ ሐኪሙ «በቃህ» ሲለው ያቆማል። የግፊቱ ክኒን ደግሞ ለብዙዎች ዕድሜ ልክ ነው፤ የሚቀነስም ከሆነ ክብደቱ ቀንሶ፣ ጨው ተቀንሶ፣ በየሳምንቱ እየተለካ፣ ከሐኪም ጋር ተመካክሮ ነው። ወንድማችን «ተሽሎኛል፣ ትቼዋለሁ» ሲለን ደስ ብሎን ዝም ማለት የለብንም። ሽማግሌው «አንተ ታውቃለህ» ብለው ከሄዱበት አጥር ላይ ትንሽ ብንቆም፣ የተወውን በምን እንደተካው ብንጠይቀው፣ መልስ ካጣም ያን ሳምንት ይዘነው ሐኪም ቤት ብንሄድ ይሻላል።