የሳኦል ጥሩርና የእኛ ኪቦርድ

በስታዲየም በኩል ስታልፉ በሱቅ መስታወት ውስጥ አንድ ትልቅ ኪቦርድ አይታችሁ፣ ታክሲው እያመለጣችሁ እንኳ ቆማችሁ የተመለከታችሁ ወጣቶች ጥቂት አይደላችሁም። ያን ጊዜ ልባችሁ የጠየቀውን ጥያቄ ዛሬ አብረን እንጠይቅ። እንዲህ ያለ ውድ መሣሪያ መግዛት ተገቢ ነው ወይ? ለአምልኮ ነው ስንል መልሱ ይለወጣል?

በመጀመሪያ የምንነጋገርበትን መሣሪያ እንለይ። ያማሃ ሞንታጅ፣ ኮርግ ክሮኖስ፣ ሮላንድ ፋንተም የመሳሰሉት ዎርክስቴሽን ይባላሉ። በውስጣቸው በሺህ የሚቆጠር ድምፅ አለ። ድምፅ መፍጠር፣ መቅረጽ፣ ከበሮውንና ቤዙን ደርቦ አንድ መዝሙር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማቀናበር ይቻልባቸዋል። እያንዳንዱን ኖታ በጥቂቱ ከፍና ዝቅ አድርጎ መቃኘትም ስለሚቻል፣ አንቺ ሆዬንና ባቲን እንደ ክራርና መሰንቆ ለማሰማት ለሚደክም ሰው ጥሩ ረዳት ናቸው። የሚያስመሰግኑ የእጅ ሥራዎች ናቸው።

ዋጋቸው ግን ያስደነግጣል። በውጭ ገበያ ከ3,000 እስከ 4,500 ዶላር አካባቢ ይሸጣሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ከመለወጡ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበር፣ የ4,000 ዶላር ዕቃ 228,000 ብር ነበር። ከለውጡ በኋላ በ120 ብር ሲሰላ 480,000 ብር ይሆን ነበር። ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ገና አልተጨመረም።

ይህን ስንሰማ ብዙዎቻችን ወደ ማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 14 እንሮጣለን። ሴቲቱ ከ300 ዲናር በላይ የሚያወጣ የናርዶስ ሽቱ በጌታ ራስ ላይ አፈሰሰች። ለድሆች መሰጠት ነበረበት ብለው የተቆጡባትን ጌታ ገሠጻቸው። እውነት ነው፤ ለእግዚአብሔር ውድ ነገር መስጠት ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን አንድ ልዩነት አስተውሉ። የሴቲቱ ሽቱ ፈሰሰ። ብልቃጡም ተሰበረ፤ ለእርሷ የተረፈላት ዕቃ አልነበረም። ኪቦርዱ ግን ከእኛ ጋር ይቀራል፤ የፋብሪካው ስምም ወደ ጉባኤው ዞሮ ይታያል። ስለዚህ ውድ ኪቦርድ የገዛ ሁሉ ሽቱ አፍስሻለሁ ሊል አይችልም። መሥዋዕት መሆኑ የሚታወቀው ከተገዛ በኋላ በሚሠራበት ነገር ነው።

ለእኛ ጥያቄ ይበልጥ የሚቀርበው የዳዊት ታሪክ ይመስለኛል። ሳኦል ጥሩሩንና የናስ ቁሩን አለበሰው። የንጉሥ ዕቃ ነውና መናኛ ሊሆን አይችልም። ዳዊት ያወለቀው መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን ስላልተለማመደው ነው። ወንጭፉን ግን እጁ ያውቀው ነበር። ታሪኩን እዚህ ላይ አቁመን “እንግዲያው ርካሹ ይበልጣል” እንዳንል፣ አንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 21ን እናንብብ። ያው ዳዊት ቆየት ብሎ የጎልያድን ሰይፍ ከካህኑ ተቀበለ፤ እንደ እርሱ ያለ የለምም አለ። ምርጥ መሣሪያን አልናቀም። እጁ ሲደርስበት ወሰደው።

እንግዲህ እጃችን ደርሷል ወይ? ይህን የሚፈትኑ ቀላል ነገሮች አሉ። የአምልኮ መሪው መዝሙሩን ያልጠበቃችሁት ቁልፍ ላይ ሲጀምር፣ ጣታችሁ ወዲያው ወደ ትራንስፖዝ የሚሮጥ ከሆነ፣ ግማሽ ሚሊዮን ብር የወጣበት ኪቦርድም ያው ትራንስፖዝ ነው ያለው። በአሥራ ሁለቱም ቁልፎች መጫወትን የሚያስተምር አይገኝበትም። ስታይሉ ሲጠፋ ምቱ አብሮ የሚጠፋ ከሆነም እንዲሁ። ደግሞ የአጥቢያችሁን የድምፅ መሣሪያ ተመልከቱ። ድምፅ ማጉያው ያረጀና ሁሉንም ድምፅ ደባልቆ በአንድ መስመር የሚያወጣ ከሆነ፣ በውዱና በመካከለኛው ኪቦርድ መካከል ያለው ልዩነት ምእመናን ጆሮ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል።

ከዚሁ ከሰፈራችን አንድ ምሳሌ ላንሣ። ኃይሉ መርጊያ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በካዛንቺስ አጠገብ በሚገኘው ሒልተን ሆቴል ከዋልያስ ባንድ ጋር ኪቦርድ ይጫወት ነበር። ባንዱ ወደ አሜሪካ ሲሄድ እርሱ በዚያው ቀረ፤ በዋሽንግተንም ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን ግን ከመኪናው የዕቃ ማስቀመጫ አላወጣም። በአየር ማረፊያ ተራ እየጠበቀ ይለማመድ ነበር። በ1985 እ.ኤ.አ. የቀረጸው ካሴት በ2013 እንደገና ሲታተም የዓለም መድረኮች ጠሩት። ሥራው የመዝሙር አገልግሎት አይደለም፤ ስለ እጅ ግን ብዙ ያስተምረናል። መድረክ ሲመጣ እጁ ዝግጁ የነበረው፣ በታክሲ ወረፋ ላይ በትንሽ ኪቦርድ ስላቆየው ነው።

የራሳችንንም አባቶችና እናቶች አንርሳ። በደርግ ዘመን ብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ፣ መዝሙር በየቤቱ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ይዘመር ነበር። ተስፋዬ ጋቢሶ ሰባት ዓመት ታስሮ መዝሙሩ አልታሰረም። በአኮርድዮንና በጊታር የተዘመሩት የዚያ ዘመን መዝሙሮች ዛሬም በየአጥቢያችን ይዘመራሉ። ይህን ስል ግን ድህነትን እንዳናወድስ እጠነቀቃለሁ። እነርሱ መሣሪያ አጡ እንጂ አልናቁም፤ ጥሩ ኪቦርድ ቢሰጣቸው ኖሮ አመስግነው ይቀበሉ ነበር።

የቀረው ከባዱ ጥያቄ ገንዘቡ የማን ነው የሚለው ነው። ዳዊት የኦርናን አውድማ በነፃ ውሰድ ሲባል እምቢ ብሎ፣ ዋጋ ያልከፈለበትን መሥዋዕት ለእግዚአብሔር ላለማቅረብ ሃምሳ ሰቅል ብር ከፍሎ ገዛ። እኛ ግን አንዳንድ ጊዜ መሥዋዕቱን እናቀርባለን፣ ዋጋውን ሌላ ሰው ይከፍላል። ዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህታችሁ የላከችው ገንዘብ ከሆነ፣ ያ ኪቦርድ የእርሷ ዓመታት ነው። የመዘምራኑ መዋጮ ከሆነም፣ በዚያው ወር የሶፕራኖዋ እናት ለሕክምና ገንዘብ ያጡ እንደሆነ ጠይቁ። ጠይቃችሁ መልሱን ካወቃችሁ በኋላ እንዳልሰማ ሆናችሁ ብትገዙ፣ መሣሪያው ያምራል፤ ዝማሬው ግን ይከብዳችኋል።

ሌላም ስሌት አለ። ለጀማሪ የሚሆን፣ የጣትን ጉልበት የሚለይ ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ በውጭ ገበያ ከ400 ዶላር በታች ይገኛል። የአንዱ ዎርክስቴሽን ዋጋ አሥር ልጆችን ያስጀምራል ማለት ነው። አንድ ሰው ብቻ የሚነካው፣ ሳምንቱን ሙሉ ተሸፍኖ ተቆልፎበት እሑድ ብቻ የሚገለጥ ዕቃ ከመግዛታችን በፊት ይህን እናስብ።

ታዲያ አይገዛ ማለቴ ነውን? አይደለም። መዝሙር የምታቀናብሩ፣ የመዘምራኑን ሥራ የምትቀርጹ፣ አሁን ያላችሁን መሣሪያ እስከ ጥጉ ተጠቅማችሁ እጃችሁ የጠበበበት፣ ዋጋውንም ከላባችሁ የምትከፍሉ ከሆነ ግዙ፤ አትፈሩም፣ አታፍሩምም። ገዝታችሁ ስታበቁ ግን ከእናንተ የሚያንሱ ሁለት ወይም ሦስት ልጆች በሳምንት አንድ ቀን ይቀመጡበት። እስከዚያ ግን ያለውን ኪቦርድ ክፈቱ፤ ትራንስፖዙን ዜሮ ላይ አድርጉት፤ ስታይሉን አጥፉና የመጪውን እሑድ መዝሙሮች በሦስት የተለያዩ ቁልፎች ተለማመዱ።

ለኅብረት ውይይት፦
1. በአጥቢያችን ካሉት መሣሪያዎች አንድ ሰው ብቻ የሚነካው የትኛው ነው? ለምን?
2. ለአምልኮ ብለን በገዛነው ነገር ዋጋውን በእውነት የከፈለው ማን ነበር?