ስሙ ላልታወቀ ነፊ

ባልቲሞር እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ከተማውን የሚያዳርስ የፍሳሽ መስመር አልነበራትም። በየጡብ ቤቱ ጓሮ የነበረው የመጸዳጃ ጉድጓድ የቤቱ ቆሻሻ መጣያም ነበር፤ ባለቤቶቹን አስፈቅጄ የምቆፍረው እሱን ነው። ዛሬ ሽታ የሌለው ጥቁር አፈር ሆኗል።

የለስላሳ ጠርሙስ ሲወጣልኝ አስቀድሜ ቅርጽ ማውጫው ጎኑ ላይ የተወውን ስፌት በጣቴ እከተላለሁ። መስመሩ አንገቱ ላይ ደርሶ ከጠፋ ከንፈሩን ያበጀው የሰው እጅ ነው፤ እስከ አፉ ጫፍ ከዘለቀ ደግሞ ማይክል ኦወንስ እ.ኤ.አ. በ1903 ለሥራ ያበቃው ዓይነት አውቶማቲክ ማሽን። አንገቱ ውስጥ የዛገ ሽቦ ከተገኘ ቻርልስ ሀቺንሰን በ1879 ያስመዘገበው መክደኛ ነው፤ ሽቦውን ወደ ታች ሲገፉት ጋዙ ጧ ብሎ ይወጣ ነበር። እሱን ከገበያ ያስወጣው የባልቲሞሩ ዊልያም ፔይንተር በ1892 ያስመዘገበው ቆርኪ ነው።

ብዙዎቹ ጠርሙሶች ላይ የለስላሳ ነጋዴው ስምና ከተማው ጎላ ብሎ ወጥቷል። የነፊው ስም ግን የለም። የቀለጠውን መስታወት በብረት ቧንቧ ጫፍ ይዞ የነፋ ሰው ነበረ፤ የጠርሙሱን ሆድ የከፈተው የእሱ ትንፋሽ ነው። በአጠገቡ ልጆችም ይሠሩ ነበር፤ ሉዊስ ሃይን በ1908 ኢንዲያና ውስጥ እንዲህ ያሉትን በሌሊት ፈረቃ ላይ ፎቶግራፍ አንሥቷቸዋል።

በቤተ ክርስቲያናችን ሙት የሚታሰበው በክርስትና ስሙ ነው። ታዲያ ስሙንም እምነቱንም የማላውቀውን ሰው ማሰብ እችላለሁ? ስሙን እግዚአብሔር ያውቀዋል ይባላል፤ እውነት ነው። ይህ መልስ ግን የእኔን ድርሻ አይሠራልኝም። ስም የምንጠራው ጸሎታችን በደፈናው ለሰው ልጅ ሁሉ ሳይሆን ለዚያ ለአንዱ እንዲሆን ይመስለኛል። እንዲህ ከሆነ ጠርሙሱ የሚያሳውቀኝ ጥቂት አይደለም፦ ዘመኑን፣ የሥራውን ዓይነት፣ ታቹ በአንድ ወገን ወፍሮ የቀረበትን ያንን አንድ ቀን። ሰውየውን ከሌላው ለመለየት ይበቃኛል።

ስለዚህ ጽሑፍ የሌለበትን ጠርሙስ ዋጋ የለውም ብለው ወደ ጉድጓዱ ከሚመልሱት ቆፋሪዎች ጋር አልስማማም። ጓደኞቼ ቢሆኑም በዚህ ነገር ፊት ለፊት እከራከራቸዋለሁ። የተጻፈበት የሚነግረኝ ስለ ሻጩ ነው፤ ልሙጡን አጥቤ የማስቀምጠው ለነፊው ስል ነው፤ ማታም የአያቶቼን ስም ጠርቼ ስጨርስ እሱን በሥራው እጠራዋለሁ።