የማሲንቆን ዜማ መጻፍ ይገባልን?

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ። እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ በአንድ ጠጅ ቤት ማሲንቆ የሚመቱ ሽማግሌ አሉ። እኔና ጓደኛዬ እሳቸው ዘንድ እየሄድን ትዝታቸውን በኖታ እጽፍ ነበር። በሦስተኛው ቀን ያንኑ ዜማ ሲጫወቱ ከጻፍኩት ወጣ አሉ። ጓደኛዬ ወረቀቱን እያየ፣ «አባባ፣ እዚህ ላይ ተሳሳቱ እኮ!» አላቸው። እኔም ዝም አልኩ። ሽማግሌው ደጋናቸውን አወረዱና፣ «ይኸ ወረቀት ከማን ተማረ ልጄ?» አሉት።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ጥያቄ አለቅህ ብሎኛል። የሰውን ዜማ መጻፍ ማዳን ነው ወይስ መቀማት?

ዜማ መጻፍ የባዕድ ነገር ነው የሚል ቢኖር ይሳሳታል። በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የድጓውን ምልክት እንደ ሠሩ ይነገራል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ፤ ከነዚህም ጋር ከቃሉ በላይ የሚሰፈሩት ጥቃቅን ፊደላት አሉ። ግን ልብ በሉ! ምልክቱ ተማሪው አስቀድሞ በጆሮው የያዘውን ያስታውሰዋል እንጂ ላልሰማ ሰው ዜማ አያስተምርም። መሪጌታው ከሌለ ዲዳ ነው። እንግዲህ ጽሕፈቱ የመምህሩ አጋዥ ነው እንጂ ዳኛው አይደለም።

አምስት መስመሩ ኖታ ግን ላልሰማውም ሰው ልናገር ባይ ነው። ማሲንቆ ያላት አንድ የፈረስ ጭራ ክር ብቻ ነው። ጣት ክሩን ይነካዋል እንጂ ከእንጨቱ ጋር አያጣብቀውም፤ ስለዚህ ድምፁ ይንሸራተታል። ክሩም የሚቃኘው ለዘፋኙ ጉሮሮ እንዲስማማ ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ በአንዲት ጥቁር ነጥብ እንዴት ይያዛል?

የሌላውንም አገር እንይ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1792፣ በአይርላንድ ቤልፋስት ከተማ የአገሬው በገና ደርዳሪዎች ተሰብስበው ሳለ፣ ኤድዋርድ በንቲንግ የተባለ የ19 ዓመት ወጣት ዜማቸውን ጻፈ። ባይጽፍ ኖሮ ብዙው ከደርዳሪዎቹ ጋር ይቀበር ነበር። ሲያሳትመው ግን ለፒያኖ እንዲመች አድርጎ ስለ ነበረ፣ የበገናው ጠባይ በፒያኖው ተሸፈነ። አዳነም፣ ሸፈነም።

«ዛሬ ስልክ ይቀዳ የለም ወይ? ምን መጻፍ ያስፈልጋል?» ትሉኝ ይሆናል። ይቀዳል። ነገር ግን የተቀዳው የአንድ ምሽት ጨዋታ ነው። ያንን ምሽት የሌሎች ምሽቶች ሁሉ መለኪያ ካደረግነው፣ ስልኩም እንደ ወረቀቱ ሽማግሌውን «ተሳሳቱ» ማለቱ አይቀርም።

በበኩሌ መጻፍ ይገባል እላለሁ። ሰው ይሞታል፤ ጆሮም ይረሳል። ግን የሚጽፍ ሰው ዕዳ አለበት። ዜማው የማን እንደ ሆነ፣ የትና መቼ እንደ ተሰማ ይጻፍ። ሌላውም አጨዋወት ከጎኑ ይስፈር። ከሁሉም በላይ ወረቀት ይዞ ባለሙያውን ማረም ነውር ይሁን!

ባለፈው ሳምንት ተመልሼ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ስቀው ቦታ ለቀቁልኝ። ከወረቀቱ ራስጌ፣ «ትዝታ» ከሚለው በታች፣ ስማቸውን ጻፍኩ። ከሥሩም ሌላ አጨዋወት ጨመርኩ። ያ «ተሳሳቱ» ያልናቸው ነው።