ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች፦ ፕሮግራማችሁን በሶላት ላይ ሥሩት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም


የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻ በተለይ ለ11ኛ እና ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ነው። ትምህርት የጨረሳችሁም አትለፉት፤ ቤታችሁ ውስጥ ለፈተና የሚዘጋጅ ወንድም ወይም እህት አይጠፋም።

ፈተና በቀረበ ቁጥር በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ «ኡስታዝ፣ ጊዜ አልበቃ አለኝ። ጥናቴ እንዳይቋረጥ ዙህርን ከዐስር ጋር ብሰግድ ችግር አለው?» መልሱ አጭር ነው። ጥናት ሶላትን ከወቅቱ ለማውጣት ምክንያት አይሆንም። የፈተና አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣችሁ ወቅቱ የሚያልፍባችሁ ከሆነ ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ወደ ፈተናው ከመጓዛችሁ በፊት የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ። እኔን የሚያሳስበኝ ከጥያቄው ጀርባ ያለው ሐሳብ ነው። ሶላት ጊዜያችንን የሚወስድብን ይመስለናል።

እስቲ እንቁጠረው። አምስቱም ሶላት ከነውዱኡ ቢደመር ከአንድ ሰዓት ብዙም አይርቅም። ታዲያ ሌላው 23 ሰዓት የት ገባ?

ብዙዎቻችሁ የጥናት ፕሮግራም አውጥታችሁ ታውቃላችሁ። በማስመሪያ የተሰመረ፣ በባለቀለም እስክሪብቶ ያማረ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ። «ከ12፡00 እስከ 1፡30 ሒሳብ፣ ከ1፡30 እስከ 3፡00 ፊዚክስ» ይላል። በሦስተኛው ቀን መብራት ይጠፋል፣ ወይ እንግዳ ይመጣል፣ አንዷ ሰዓት ትዛነፍና ከእሷ በታች ያለው ሁሉ ይፈርሳል። ተማሪውም «እኔ ሰነፍ ነኝ» ብሎ ይደመድማል። ስንፍና ላይሆን ይችላል። 1፡30 መድረሱን ማንም አይጠራለትም፤ ሶላትን ግን ሙአዚኑ ይጠራል። አላህ በሱረቱ ኒሳእ 103ኛው አንቀጽ ሶላትን ወቅት ለይቶ እንደደነገገልን ይነግረናል። ስለዚህ ወረቀታችሁ ላይ ሰዓት አትጻፉ፤ «ከሱብሂ በኋላ»፣ «ከዐስር እስከ መግሪብ» ብላችሁ ጻፉ። አንዱ ክፍል ቢበላሽ የሚቀጥለው አዛን አዲስ መጀመሪያ ይሆናችኋል፤ ቀኑ በሙሉ አይበላሽም።

በዚህ ላይ እኛ አገር ያለን ዕድል ቀላል አይደለም። አዲስ አበባ ላይ መግሪብ ከበጋ እስከ ክረምት ቢለዋወጥ ልዩነቱ አንድ ሰዓት አይሞላም። ስቶክሆልም የምትኖር የአክስታችሁ ልጅ ሰኔ ላይ መግሪብን ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ፣ ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ነው የምትሰግደው። እሷ ፕሮግራሟን ስንት ጊዜ እንደምትቀያይር አስቡት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ እሱም ሌሊቱ ነው። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዒሻእ በፊት መተኛትንና ከዒሻእ በኋላ ማውራትን ይጠሉ ነበር። ዑለማዎች ዕውቀት መቃኘትንና ቤተሰብን ማጫወትን ከዚህ ነጥለው አይተውታል፤ ስለዚህ ጥናት ላይ ያለ ሰው አይወቀስም። ግን እውነቱን እንነጋገር። ከዒሻእ በኋላ የምናመሸው ስንቶቻችን በጥናት ነው? ስልኩ ይከፈታል። መጀመሪያ ለትምህርት ነው፤ የቴሌግራም የጥናት ግሩፕ ይገባል፣ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች በፒዲኤፍ ይወርዳሉ። አርባ ፋይል አውርዶ አንዱንም ያልከፈተ ተማሪ ስንት አለ! ማውረድ ማንበብ ይመስላል፤ አይደለም። ከዚያ ጣት ወደ ቲክቶክ ይሻገራል፣ ሌሊቱ 6 ሰዓት ይሆናል። በሌሊት ሁለት ሰዓት ብቻ እንዲህ ቢሄድ በሳምንት 14 ሰዓት ነው። አንድ ሙሉ የነቃችሁበት ቀን ማለት ነው፣ በየሳምንቱ። ሱብሂም አብሮ ይሄዳል።

ሱብሂ ሲሄድ ደግሞ የሚሄደው ሶላቱ ብቻ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለኡመታቸው በማለዳ ሥራ ላይ በረካ እንዲደረግ ዱዓ ማድረጋቸውን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። መድረሳ የቀራችሁ ይህን በተግባር ታውቁታላችሁ። ኡስታዞቻችን አዲስ ሒፍዝ የሚሰጡት ከሱብሂ በኋላ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሙራጀዓ ይሆናል። ትናንት የተሐፈዘው ዛሬ፣ የዛሬው ከሳምንት በኋላ እንደገና ይሰማል። ቁርኣን እግሩ ከታሰረ ግመል ይልቅ ፈጥኖ እንደሚያመልጥ ነቢዩ ስላስጠነቀቁን ነው እንዲህ የሚደረገው። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ይኸው ነገር በሌላ ስም ጠበቀኝ፦ ጀርመናዊው ኸርማን ኢቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ ራሱን እየፈተነ፣ ያልተደገመ ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በፍጥነት እንደሚጠፋ አሳይቷል። የመድረሳ ሕፃን ይህን በሎህ ላይ ይኖረዋል፤ 12ኛ ክፍል ሲደርስ ግን ይረሳውና ከፈተና በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት የአራት ዓመት መጽሐፍ ለመዋጥ ይታገላል። ብሔራዊ ፈተናው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለውን ይጠይቃል። ስለዚህ የሚከብዳችሁን ትምህርት ከሱብሂ በኋላ አድርጉ፤ የ9ኛና የ10ኛ ክፍሉን ለዐስር ሙራጀዓ ተዉት፣ በቀን ጥቂት ገጽ። አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ትንሽም ቢሆን የሚዘወተረው እንደሆነ ታውቃላችሁ። የፈረቃ ተማሪዎች ደግሞ እንደ ፈረቃችሁ አገላብጡት፤ የማይነካው ሱብሂ ብቻ ነው።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን የማነሳው ላስፈራራችሁ አይደለም፤ ያ ሁሉ ልጅ ሰነፍ ነበር የሚል ሰውም አይገባኝም። መምህርና መጽሐፍ ያልደረሳቸው ብዙ ነበሩ። በእጃችሁ ያልሆነውን አላህ አይጠይቃችሁም። ስለ ዕድሜያችሁና በተለይ ስለ ወጣትነታችሁ ግን ትጠየቃላችሁ፤ ሐዲሱ እንዲያ ነው የሚለው።

አሁን ለወንድሞች የምለው አለኝ። እህትህም እንዳንተ ተፈታኝ ናት እንበል። ዐስር ሰግደህ መጽሐፍ ይዘህ ስትቀመጥ እሷ ሽንኩርት እየከተፈች ነው። ከመግሪብ በኋላ ራት ታቀርባለች፣ ዕቃ ታጥባለች፣ ትንንሾቹን ታስተኛለች። «ከዒሻእ በኋላ አታምሹ» ያልኩት ምክር ለእሷ ቀልድ ነው፤ ጥናቷ የሚጀምረው ገና ያኔ ነዋ! እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢዩ ቤት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠይቀው፣ ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበርና የሶላት ሰዓት ሲደርስ እንደሚወጡ መልሰዋል፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። አንተ ከእሳቸው የሚበልጥ ሥራ የለብህም። ዕቃውን እጠብ። ሱናውን በጺም ብቻ አትፈልገው። እናቶችና አባቶችም፣ ልጃችሁ ፈተና እስክትጨርስ ከዐስር እስከ መግሪብ ያለውን ጊዜ ለእሷ ልቀቁላት።

ዛሬ ጁሙዓ ነው። ከዐስር በኋላ ባለችው የመጨረሻዋ ሰዓት ዱዓ ተቀባይነት ያገኛል ተብሎ ተስፋ ይደረጋል። ስልካችሁን አስቀምጡና ለራሳችሁም፣ አብሯችሁ ለሚፈተነው ሁሉም ዱዓ አድርጉ። ከመግሪብ በኋላ አንድ ወረቀት ወስዳችሁ አምስቱን ሶላት ከላይ ወደ ታች ጻፉ። ከሱብሂ ጎን አንድ ከባድ ትምህርት፣ ከዐስር ጎን አንድ ሙራጀዓ አስቀምጡ፤ ለነገ ብቻ። የእሁዱን ነገ ማታ ትጽፉታላችሁ ኢንሻአላህ።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ