ናስን በወርቅ መለበጥ ውሸት ነውን?



ከመተማ ዮሐንስ ተነሥቶ በገንዳ ውኃና በጭልጋ በኩል ወደ ጎንደር የሚወጣው መንገድ ብዙ ዓይነት ዕቃ ሲመላለስበት የኖረ መንገድ ነው። ከቆላው ሰሊጡ፣ ጥጡ፣ ዕጣኑና ሙጫው ይወጣበታል፤ ከወሰኑ ማዶ፣ ከገላባት ወገን፣ ደግሞ ልብሱ፣ ሽቶውና የቤት ዕቃው ይገባበታል። እኛ ግን ዛሬ የምንናገረው በጭነት መኪና ስለሚጓዘው ሸቀጥ ሳይሆን በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ስለ መጣ አንድ የእጅ ቦርሳ፣ ይልቁንም በቦርሳው ላይ ስላለው ትንሽ ዘለበት ነው። ነገሩ ለዚህ መጽሔት የማይመጥን ጥቃቅን ጉዳይ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፣ ጥቂት እንዲታገሠን እንለምናለን።

ይህች ሴት ሰባት ዓመት በካርቱም በሰው ቤት ስታገለግል ኖራለች። የሱዳን ጦርነት ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲፈነዳ፣ ብዙ ሺህ ሰዎች በገላባት በኩል ወደ መተማ በሸሹበት ወቅት እርሷም ከእነርሱ ጋር ተሻገረች። የመጨረሻዎቹ ወራት ደመወዟ ሳይከፈላት ቀርቷል። ይዛው ከመጣችው ንብረት ሁሉ ለዓይን የሚሞላው፣ አሠሪዋ በአንድ ወቅት የሰጠቻት፣ ስሙ የታወቀ የፓሪስ ቤት የሠራው የቆዳ ቦርሳ ነበር። ቆዳው ደኅና ነው፤ ዘለበቱና ማንጠልጠያ ቀለበቶቹ ግን ብርማው ቀለማቸው ተፍቆ ከሥር ያለው ናስ ብቅ ብሏል። የታናሽ እኅቷ ሠርግ ሲደርስ ቦርሳውን ይዛ ጎንደር ከተማ ወደሚገኝ አንድ ሽማግሌ አንጥረኛ ሄደችና የዘለበቱን ቀለም ከብር ወደ ወርቅ እንዲለውጥላት ጠየቀች። ሽማግሌው ዘለበቱን አገላብጠው አዩና፣ ስለ ዋጋው ከመናገራቸው በፊት፣ «ልጄ፣ ልትይዢው ነው ወይስ ልትሸጪው?» አሏት። «ልይዘው ነው፣ አባባ» አለች። «እንግዲያውስ ይሠራል» አሏት።

ታሪኩን ያጫወተችን ራሷ ናት። እኛም የሽማግሌውን ጥያቄ ደጋግመን ስናስበው፣ ስለ እውነትና ስለ ሐሰት ከተጻፉት ብዙ መጻሕፍት የማያንስ ጥበብ ያለበት ሆኖ አገኘነው። ቀለም መለወጥ በራሱ ውሸት ነውን? ካልሆነስ ውሸት የሚሆነው መቼ ነው?

አስቀድመን ነገሩን እንደ ሥራው እንመልከት። የዘመናችን የቦርሳ ዘለበት፣ ውድ ዋጋ የወጣበት እንኳ ቢሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ናስ ወይም የዚንክ ቅይጥ ነው። ወርቁ፣ ፓላዲየሙ ወይም ኒኬሉ በላዩ የተለበጠ ነው። ቀለሙን የሚለውጥ ባለሙያ ዘለበቱን ከቆዳው ፈትቶ አሮጌውን ልባጥ ይገፍፋል፤ ይወለውለዋል፤ ቅባቱን ያጥባል፤ ከዚያም የወርቅ ጨው በሟሟበት ፈሳሽ ውስጥ ነክሮ የኤሌክትሪክ ኃይል ያሳልፍበታል። በላዩ የሚቀመጠው ወርቅ ውፍረቱ የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ እንኳ ላይሞላ ይችላል። የኤሌክትሪኩ ኃይል ወደ ጠባብና ጎድጓዳ ስፍራ በሚገባ ስለማይደርስ፣ የማጠፊያው ውስጠኛ ጎን ብዙ ጊዜ ልባጡ ይሳሳበታል ወይም ጨርሶ ሳይለበጥ ይቀራል። ይህ ጥበብ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በአውሮፓ ከመስፋፋቱ በፊት ወርቁን በባዜቃ አሟሙቶ በእሳት ማትነን የተለመደ ነበር፤ ጢሱም የስንቱን አንጥረኛ ጤና አቃውሷል።

እንግዲህ የተለበጠ ነገር ሁሉ ሐሰት ነው ብንል ከባድ ስሕተት ላይ እንወድቃለን። በኦሪት ዘጸአት በ25ኛው ምዕራፍ የተነገረው ታቦት ከግራር እንጨት የተሠራና በውስጥም በውጭም በወርቅ የተለበጠ ነበር። ግራር ደግሞ ለእኛ ቆላ እንግዳ ዛፍ አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችንም ሥርዓት፣ ጽዋው ከወርቅ ባነሰ ብረት የተሠራ እንደ ሆነ ውስጡ በወርቅ እንዲለበጥ የቆየ ልማድ አለ። በእነዚህ ሁሉ የተታለለ ሰው የለም። ልባጡ የተደረገው ስለ ክብር ነው፤ እንጨቱም እንጨት መሆኑ፣ ብሩም ብር መሆኑ አልተካደም።

እንዲያውም የመተማ ገበያ ስለዚህ ነገር ከማንም በላይ የሚያውቀው አለው። በ19ኛው መቶ ዓመት መተማ ከኢትዮጵያና ከሱዳን የሚመጡ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ታላቅ ገበያ ሳለ፣ ሰው የሚተማመንበት ገንዘብ የማሪያ ቴሬዛ ብር ነበር። በዚያ ብር ላይ የተጻፈው ዓመት ሁልጊዜ 1780 እ.ኤ.አ. ነው። ንግሥቲቱ ግን በዚያው ዓመት ስለ ሞተች፣ በአገራችን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ከኖረው ብር እጅግ የሚበዛው ከሞተች በኋላ የተመታ ነው፤ በ20ኛው መቶ ዓመት እንኳ በሮማ፣ በለንደንና በቦምቤይ ተመትቷል። ጽሑፉ ዓመቱን በትክክል አይናገርም ማለት ነው። ነገር ግን ክብደቱ ሁልጊዜ 28 ግራም ያህል፣ ከስድስት እጁም አምስቱ ንጹሕ ብር ነበር። ነጋዴው በንግሥቲቱ ዘውድና ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች በጣቱ እየዳሰሰ ይቀበለው ነበር። የሚፈልገው የብሩን እውነተኛነት እንጂ የተመታበትን ዓመት አልነበረምና አልተታለለም።

የዚህን ተቃራኒ ደግሞ በቅርብ ዘመን አይተናል። በ2000 ዓ.ም. ከብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተላከ ወርቅ፣ ሲመረመር ወርቅ የተቀባ ብረት ሆኖ በመገኘቱ ወደ አገር ቤት ተመለሰ፤ በነገሩ የተጠረጠሩ ሰዎችም ታሰሩ። የአገር ሀብት ተብሎ በካዝና የተቀመጠው ነገር ላዩ ወርቅ፣ ውስጡ ብረት ነበር። እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ትምህርቱ ግልጽ ይሆናል። ውሸት የሚገኘው በብረቱ ላይ ሳይሆን፣ አንዱ ሰው በሌላው እምነት ላይ በሚሠራው ሥራ ውስጥ ነው።

ቅዱስ ቶማስ አኲናስ በ13ኛው መቶ ዓመት ስለ ሽያጭ ባስተማረው ትምህርት፣ በሰው ብልሃት ተሠርቶ ወርቅ የሚመስለውን ነገር እውነተኛ ወርቅ ሳይሆን እንደ ወርቅ መሸጥ ማታለል መሆኑን ገልጧል። የአገራችንም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በተንኮል የተደረገ ውል እንዲፈርስ መንገድ ይከፍታል። ስለዚህ የቦርሳዋ ባለቤት ዘለበቱን አስለብጣ፣ «ከፋብሪካ እንደ ወጣ ነው» ብላ ብትሸጠው ገዢውን በደለች ማለት ነው፤ «ቀለሙን ያስለወጥሁት እኔ ነኝ» ብላ ብትሸጠው ግን በደል የለባትም። የሽማግሌው አንጥረኛ ጥያቄ እስከዚህ ድረስ ያደርሰናል።

ይሁን እንጂ ሴትዮዋ አልሸጠችም፤ ያጌጠችው ለእኅቷ ሠርግ ነው። ይኸው መምህር ስለ ጌጥ ሲያስተምር፣ የሌለውን ውበት እንዳለ አድርጎ በማሳየትና በሕመም ወይም በሌላ ምክንያት የደረሰውን ጉድለት በመሸፈን መካከል ልዩነት እንዳለ፣ ሁለተኛውም የተፈቀደ እንደ ሆነ ያስረዳል። ታዲያ ሰባት ዓመት ደክማ፣ ከጦርነት አምልጣ የተመለሰች ሴት የተፋቀውን ዘለበቷን አስውባ በወገኖቿ መካከል ቀና ብላ ብትቀመጥ ማን ይፈርድባታል? እኛ አንፈርድባትም። ቁስልን በነጠላ መሸፈን ውሸት አይደለም።

ነገር ግን ከዚህ በኋላ የሆነውን ስትነግረን ጉዳዩ ሌላ መልክ ያዘ። በሠርጉ ማግስት የመንደሩ ልጃገረዶች ቦርሳውን እየተቀባበሉ ዘለበቱን ሲከፍቱና ሲዘጉ ዋሉ። ከእነርሱ አንዲቱ፣ የአጎቷ ልጅ፣ ትምህርቷን ልታቋርጥ የቃጣት፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ «እትዬ፣ እኔስ ብሄድ ስንት ዓመት ይፈጅብኛል?» አለቻት። ሴትዮዋ ሣቅ ብላ ዝም አለች። «ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም» ብላናለች።

እንግዲህ ሽማግሌው ያልጠየቁት ጥያቄ ይህ ነው። ቦርሳው አልተሸጠም፤ ሆኖም ገዢ አገኘ። ያቺ ልጅ ልትከፍል የተዘጋጀችው ገንዘብ አልነበረም፤ ዕድሜዋን ነበር። በመተማ በኩል ወደ ሱዳን፣ ከዚያም በረሃውን አቋርጦ ወደ ሊቢያና ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር የሚወስደው የደላሎች መንገድ ስንቱን የአገራችንን ወጣት እንደ በላ አንባብያን የምታውቁት ነው። በ2007 ዓ.ም. በሊቢያ ምድር በግፍ የተገደሉትን ወንድሞቻችንን ማን ይረሳል? ደላላው ይህን መንገድ የሚሸጠው በራሱ አንደበት ብቻ አይደለም። ከእርሱ ይልቅ የሚታመነው የተመላሹ ጫማ፣ ሰዓትና ቦርሳ ነው። ተመላሹ አንድም ቃል ሳይዋሽ ዕቃው ይናገርለታል፤ የዕቃውን ንግግር ሰምቶ ዝም ካለም ዝምታው ማረጋገጫ ይሆናል።

ከላይ ያነሣነውን የመተማን ገበያ እዚህ ላይ መልሰን እናስበው። ያ ክብደቱ የማይጎድል፣ ጥራቱ የማይጠረጠር ብር፣ በዚያው ገበያ ላይ ሰው ለባርነት የሚሸጥበትና የሚገዛበት ገንዘብም ነበር። ስለዚህ የብረቱ ንጽሕና ብቻውን ግብይቱን ንጹሕ አያደርገውም። ብረቱ እውነተኛ ሆኖ ሳለ ሰው ሊጠፋበት እንደሚችል ሁሉ፣ ብረቱ ቅብ ሆኖ ሳለም ሰው ሊድንበት ይችላል፤ ሁሉም የሚለካው ፊት ለፊታችን ባለው ሰው ላይ በሚያደርሰው ነገር ነው።

«ታዲያ ከስደት የተመለሰ ሰው ቡትቶ ለብሶ ይታይ ትላላችሁን?» የሚለን ይኖራል። አንልም። ይልቁንም ወቀሳው ከተመላሹ ይልቅ ወደ እኛ ወደ ተቀባዮቹ ያዘነብላል። ሰው ከሩቅ አገር ሲመጣ «እንዴት ኖርሽ?» ከማለታችን በፊት ዓይናችን ወደ ሻንጣው ይሄዳል። ባዶ እጁን የመጣውን ልጃችንን «እገሌ እንኳ ቤት ሠራ» እያልን እናሸማቅቀዋለን። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ እውነትን መናገር ዋጋ ያስከፍላል፤ ወርቅ ቅብ ግን በጥቂት ብር ይገኛል። ልባጡን የሚያስለብጠው ባለ ቦርሳው ብቻ ሳይሆን የእኛ ዓይን ጭምር ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር ለይተን ብንይዝ መልካም ይመስለናል። ለክብርና ለደስታ ሲባል የዕቃን ቀለም መለወጥ ነቀፋ የለበትም። የለወጡትን ሳይናገሩ መሸጥ በደል ነው። ባይሸጡም እንኳ፣ በዚያ ቀለም ተማርኮ ሕይወቱን ሊሰጥ የተነሣ ሰው ሲጠይቅ ዝም ማለት ከሁለተኛው የከፋ ነው፤ ገዢው የሚያጣው ገንዘብ ነው፣ ጠያቂው ግን ራሱን ሊያጣ ይችላልና።

ሴትዮዋ በነጋታው ያደረገችውን ነግረን እንጨርስ። ልጅቱን ወደ ጓዳ ጠርታ ዘለበቱን ከፈተችና የማጠፊያውን ውስጠኛ ጎን አሳየቻት። ወርቁ ያልደረሰበት ናስ እዚያ ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ሰባቱ ዓመታት አጫወተቻት፤ ሌሊት ስለሚጀመረው ሥራ፣ ስለ ተወሰደባት ፓስፖርት፣ ስላልተከፈላት ደመወዝ፣ ከጥይት ድምፅ ሸሽታ ስለ ተጓዘችበት ጎዳና። ልጅቱ አልቅሳ እንደ ሆነ ጠየቅናት። «አላለቀሰችም፤ ‹ቦርሳውስ የማን ነበር?› ብላ ጠየቀችኝ» አለችን። ልጅቱ እስከ ዛሬ አልሄደችም፤ ነገ ምን እንደምታደርግ ግን ማንም ዋስ ሊሆን አይችልም።

ቦርሳው አሁንም በሴትዮዋ ዘንድ አለ፤ በየበዓሉም ትይዘዋለች። ለማየት ለሚጠይቋትም ዘለበቱን ከፍታ ሁለቱንም ጎን ታሳያለች።