ምንም አለማድረግ ጥፋት ይሆናልን?



ባለፈው ዓመት በመንዝ የገብስ አጨዳ ጊዜ ከጎረቤታችን ማጭድ ተውሼ ነበር። አጨዳው ሲያልቅ በጤዛ እንደ ራሰ ከጎተራ ሥር ወሸቅሁትና ረሳሁት። ከሳምንታት በኋላ ስመልሰው ቀይ ዝገት ለብሷል። ባለቤቱ ሽማግሌ አገላብጠው አዩትና፣ «ልጄ፣ ምን አደረግኸው?» አሉኝ። «ኧረ አባባ፣ ምንም አላደረግሁትም!» አልኋቸው። «እሱማ ይታያል» ብለው ዝም አሉ።

ቃሌ እውነት ነበር። አልሰበርሁትም፤ አልሸጥሁትም። ታዲያ ስለ ምን አፈርሁ?

በመጀመሪያ ዝገት ከየት እንደሚመጣ እንመልከት። ብረት የሚዝገው ውሃና በአየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅን አንድ ላይ ሲያገኙት ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ቢከለከል አይዝግም። ጨው ሲጨመርበት ይፈጥናል፤ የእጃችን ላብም ጨው አለበት። በአሉሚኒየም ድስት ላይ አየር የሚፈጥረው ስስ ሽፋን የውስጡን ይጠብቃል። የብረት ዝገት ግን ይፈረፈራል፣ እርጥበትም ይይዛል፤ ስለዚህ ወደ ውስጥ እየበላ ይሄዳል። እንግዲህ ጉምና ጤዛ በሚበዛበት በመንዝና በግሼ ደጋ ብረትን ለማጥፋት ክፉ ሰው አያስፈልግም፤ መርሳት ብቻ ይበቃል።

«ጤዛውን ያወረድሁት እኔ አይደለሁም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። በማላውቀው ሜዳ ላይ የወደቀ ማጭድ ቢዝግ ማንም አይወቅሰኝም። ይህኛው ግን በእጄ የነበረ አደራ ነው። ምንም አለማድረግ ጥፋት የሚሆነው አደራ ባለበት ስፍራ ነው።

ሌላም ክርክር አለ። የመንዝን የጓሳ ሣር ያቆየው አለመንካት አይደለምን? አባቶች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ሣሩን ለዓመታት እየዘጉ፣ ለቤት ክዳንና ለከብት መኖ በጊዜው ይከፍቱት ነበር። የቀድሞው ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ምክንያት ቢቀርም፣ ሕዝቡ ኋላ በመተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን ቀጥሏል። ነገር ግን በጓሳ አለመንካት ራሱ ሥራ ነው፤ ጠባቂ አለው፣ የመክፈቻ ቀን አለው። የእኔ አለመንካት ስንፍና ብቻ ነበር።

ሽማግሌው ማጭዱን እንዳጸዳ መልሰው ሰጡኝ። እኔም እንዲያብረቀርቅ ብዬ በዝገቱ ላይ ዘይት ልቀባ ስል ከለከሉኝ። የቆርቆሮ ክዳንም ዝገቱ ሳይፋቅ ቀለም ቢቀባ ከሥር መበላቱን አይተውም፤ ቀለሙም ይላጣል። ስለዚህ መጀመሪያ በአመድና በእርጥብ ጨርቅ፣ የባሰበትን ቦታ በአሸዋ ፈተግሁት። ከዚያም አጥቤ፣ በደንብ አድርቄ፣ በመጨረሻ ዘይት ቀባሁት። የተበላው ብረት ግን አልተመለሰም፤ ስለቱ ላይ ጥቃቅን ጉድጓዶች ቀርተዋል። ቢሆንም ማጭዱ ዘንድሮም አጭዷል። በደልን ማረምም እንዲህ ይመስለኛል፤ የጠፋውን ሁሉ አይመልስም፣ የቀረውን ግን ያድናል።

መጠበቅ ዋጋ ያስከፍላል። በአዲስ ቆርቆሮ ላይ የተለበጠው ዚንክ ብረቱን የሚያድነው ከብረቱ ቀድሞ ራሱ እየተበላ ነው። ማጭድን ጠርጎ ዘይት መቀባት ግን የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። እኔ የነፈግሁት ይህችን ጥቂት ነገር ነው።

የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 ተከማችቶ በቀረ ሀብት ላይ ዝገቱን ምስክር አድርጎ ያቆመዋል። ይህ ምስክር የሚናገረው ስላደረግነው ብቻ ሳይሆን ስለተውነውም ነው።

እንግዲህ ወንድሞችና እህቶች፣ የተዋስነው መጽሐፍ፣ የተቀበልነው መልእክት፣ እንጠይቃለን ብለን የቀረንባቸው ሕመምተኛ በእያንዳንዳችን ዘንድ አሉ። «ምንም አላደረግሁም» ከማለታችን በፊት በእጃችን ያለው የማን አደራ እንደሆነ እንመልከት፤ ሳይዝግም እንመልሰው።