ድካምን የማየት ዕዳ

በጎጃም ደጋ ሰው ዱላ የሚይዘው ሲያረጅ አይደለም። እረኛው ልጅ ይይዘዋል፤ ጎረምሳው በትከሻው አጋድሞ ሁለት እጁን ሰቅሎበት ገበያ ይወርዳል፤ ካህኑ በማኅሌት መቋሚያውን ተደግፎ ሌሊቱን ያነጋል። ስለዚህ ዱላ ከአንድ ሰው እጅ ሳይለይ ሃምሳና ስድሳ ዓመት ሊኖር ይችላል። በዚህ ረጅም ዘመን ውስጥ አንድ ቀን፣ ማንም ልብ ሳይለው፣ የዱላው ሥራ ይለወጣል። ከትከሻ ይወርድና መሬት ይነካል፤ ጌጥ የነበረው ምርኩዝ ይሆናል። ባለቤቱ ያውቃል፤ ሚስቱ ታውቃለች፤ ጎረቤቱም ሳያውቅ አይቀርም። የሚናገር ግን የለም።

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በደብረ ወርቅ ከተማና በዙሪያዋ ባለው ገጠር ይህ ዝምታ ከጨዋነት ይቆጠራል። ሽማግሌን ፊት ለፊት «ደከሙ» ማለት ነውር ነው። እርሳቸውም «እንዴት ሰነበቱ?» ተብለው ሲጠየቁ «ደኅና ነኝ ልጄ፤ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። ይህ መልስ ምስጋና ነው እንጂ መረጃ አይደለም። ሰውየው ስለ ጉልበታቸው አልተናገሩም፤ ስለ ፈጣሪያቸው ነው የተናገሩት። በጤና ጣቢያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ባለሙያ ግን መልሱን እንደ መረጃ ይቀበልና ወደሚቀጥለው ሕመምተኛ ያልፋል። እንግዲህ ጥያቄው የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው፤ «ደኅና ነኝ» የሚልን ሰው ድካም ፈልጎ ማግኘት ማክበር ነውን? ወይስ መድፈር?

ሕክምና ለዚህ ዓይነቱ ድካም የተለየ ስም የሰጠው በቅርብ ዘመን ነው። ነገሩ ዕድሜ ብቻ አይደለም፤ በሽታ ብቻም አይደለም። የ85 ዓመት አዛውንት አቀበት እየወጡ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ የ65 ዓመቱ ሰው ከደጃፉ መራቅ የሚያቅተው ለምንድን ነው? ይህን ለመረዳት የገበሬውን ጎታ ማሰብ ይበቃል። እህል የሞላበት ጎታና ሊያልቅ የደረሰ ጎታ ከውጭ ሲያዩአቸው አንድ ናቸው፤ ሁለቱም በጭቃ ተለስነው ቀጥ ብለው ቆመዋል። ልዩነታቸው የሚታወቀው ክፉ ዘመን ሲመጣ፣ ወይም አንድ ሰው በጣቱ አንኳኩቶ ድምፁን ሲያዳምጥ ነው። የሰው ልብ፣ ሳንባ፣ ጡንቻና አጥንትም እንዲሁ ለዕለት ኑሮ ከሚበቃው በላይ ተቀማጭ ኃይል አላቸው። ይህ ተቀማጭ ሲመናመን ሰውየው በደኅና ቀን ደኅና ይመስላል። ነገር ግን ለወጣት የሦስት ቀን ጉንፋን የሆነው ነገር እርሱን ለወራት አልጋ ላይ ይጥለዋል፤ ከመደብ ሲወርድ ያጋጠመው ትንሽ መንሸራተት ዳግመኛ ከቤት እንዳይወጣ ያደርገዋል።

አሜሪካዊቷ ሐኪም ሊንዳ ፍሪድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጥናት ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን 5,317 ሰዎች መርምረው አምስት ምልክቶችን ለይተዋል፤ እነርሱም ሳይፈልጉ መክሳት፣ ዝለት፣ የእጅ ጭብጥ መላላት፣ የርምጃ መዘግየትና የእንቅስቃሴ ማነስ ናቸው። ከአምስቱ ሦስቱ የተገኙበት ሰው አቅሙ እንደተመናመነ ይቆጠራል፤ አንዱ ወይም ሁለቱ የታዩበት ደግሞ በመንገዱ ላይ ነው። በካናዳ ኬኔት ሮክዉድና አርኖልድ ሚትኒትስኪ ሌላ መንገድ ተከተሉ፤ ዓይነቱ ምንም ይሁን ምን በሰውየው ላይ የተከማቸውን ጉድለት መቁጠር። በእንግሊዝ አገር የሰፈር ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ 65 ዓመት የሞላቸውን ሕመምተኞቻቸውን በዚህ ረገድ እንዲለዩ በሥራ ውላቸው ተገድደዋል። ሥራውን የሚያቃልልላቸው ከየሰው የሕክምና መዝገብ 36 ዓይነት ጉድለቶችን የሚለቅም የኮምፒዩተር ስሌት ነው።

በደብረ ወርቅ እንዲህ ያለ መዝገብ የለም ቢባል ግን ስሕተት ነው። አለ፤ በወረቀት ላይ አልሰፈረም እንጂ። ከምንጭ ሃያ ሊትር ጀሪካን ትሸከም የነበረችው ሴት በዓመቱ አሥር፣ ቀጥሎም አምስት ሊትር ይዛ ስትመለስ የመንደሩ ሴቶች አይተዋል። የሰንበቴው ተራ ሲደርስ ድግሱን ልጇ ይዛላት ስትመጣ ማኅበርተኛው ልብ ብሏል። የነፍስ አባት ጠበል ሊረጩ ሲገቡ ምጣዱ ከተጣደ ስንት ቀን እንደሆነው ከቤቱ ሽታ ያውቃሉ። ይህ ሁሉ ከኮምፒዩተሩ ስሌት የማይተናነስ መዝገብ ነው። የጎደለው ነገር ቢኖር ሐኪም ፊት አለመቅረቡ ነው።

ከዚህ የተነሣ የሞራሉ ጥያቄ በሁለቱ አገሮች አንድ ዓይነት አይደለም። ለእንግሊዙ ሐኪም ጥያቄው «የደከመው ማን ነው?» የሚል ነው። ለደብረ ወርቋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ግን ሁሉም የሚያውቀውንና ሁሉም ዝም ያለውን ነገር ለመናገር ማን ፈቀደላት የሚል ነው። እርሷም ብዙውን ጊዜ ወጣት ናት፤ ዕድሜዋ ከአዛውንቱ የልጅ ልጅ ዕድሜ አይርቅም።

አዛውንቱ ድካማቸውን መደበቃቸው ከንቱ ኩራት ነው የሚል ካለ ነገሩን አልመረመረውም። በመጀመሪያ ቃሉ ራሱ ከባድ ነው። «አቅመ ደካማ» የሚለው ሐረግ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት የሚሰማው የእርዳታ እህል ሲታደል፣ የነጻ ሕክምና ወረቀት ሲጻፍ ወይም በክረምት በጎ ፈቃደኞች የሰው ጣራ ሲጠግኑ ነው። ስሙ ርዳታ ያስገኛል፤ ነገር ግን ሰውየውን ከሰጪ ተርታ አውጥቶ ከተቀባይ ተርታ ያሰልፈዋል። ትናንት ደም ያደረቁ፣ ባልና ሚስት ያስታረቁ ሽማግሌ ነገ በዚህ ስም ቢጠሩ ቃላቸው ያው ክብደት ይኖረዋልን? በተጨማሪም ቃሉ ጠቅላይ ነው፤ ስለ ጉልበት ተነግሮ አእምሮንም ይውጣል። የቅኔ አገር በሆነው በጎጃም ግን ጉልበታቸው ከድቷቸው በተማሪዎቻቸው ትከሻ ተደግፈው የሚወጡ፣ ቅኔ ሲያርሙ ግን አንዲት ፊደል የማታመልጣቸው መምህር ብርቅ አይደሉም።

ከቃሉ የበለጠው ደግሞ መሬት ነው። የአማራ ክልል የገጠር መሬት ሕግ ባለይዞታው የመጠቀም መብቱን በስጦታና በውርስ እንዲያስተላልፍ ይፈቅዳል። በሬ ጠምዶ ማረስ ያቃተው አዛውንት መሬቱን ለእኩል ይሰጣል፤ ወይም «ጧሪዬ» ለሚለው ልጅ ያስተላልፋል። ጧሪና ቀባሪ በአንድ ትንፋሽ የሚጠሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንዱ ሌላውን አስከትሎ የሚመጣ ውል ናቸው። በዚህ ውል ውስጥ ድካሙ መቼ እንደሚነገር መወሰን ለአዛውንቱ የቀረው የመጨረሻ የመደራደሪያ ኃይል ሊሆን ይችላል። ከውጭ የመጣ ሰው፣ ነጭ ጋውን የለበሰም ቢሆን፣ ያን ጊዜ ሊወስንለት ቢነሣ በልጆች መካከል ጠብን፣ በእርሱ ላይ ደግሞ ያለጊዜው መገፋትን ሊያመጣ ይችላል። «ለእርሱው ሲባል ነው» የሚለው መልስ ይህን ሁሉ አይሸፍነውም።

ይሁን እንጂ ዝምታውም ንጹሕ አይደለም። የዝምታው መግቢያ በር «እርጅና ነው» የምትለዋ አጭር ዐረፍተ ነገር ናት። ሕመምተኛው ይላታል፤ ልጁ ይላታል፤ ባለሙያውም ሲሰለቸው ይላታል፤ ከተባለችም በኋላ ማንም ምንም አይጠይቅም። የአማራ ክልል በትራኮማ እጅግ ከተጠቁት የዓለም አካባቢዎች አንዱ ሆኖ ኖሯል፤ ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌናቸውን ከሚቧጭራቸው ሰዎችም የሚበዙት ሴቶች ናቸው። አንዲት እማሆይ ከቤት መውጣት የተዉት ጉልበታቸው ዝሎ ሳይሆን ብርሃን ዐይናቸውን እየወጋቸው ሊሆን ይችላል፤ ይህም በአነስተኛ ቀዶ ሕክምና የሚቃና ነገር ነው። ዕድሜ ልኩን ባዶ እግሩን ቀይ አፈር ሲያርስ የኖረ ገበሬ እግሩ በዝሆኔ ቢያብጥ በየዕለቱ በሳሙና መታጠብ፣ ቅባትና ጫማ ርምጃውን ያሻሽሉለታል። ከመክሳቱ በስተጀርባ የሳንባ ነቀርሳ ሊኖር ይችላል፤ ከዝለቱ በስተጀርባ የደም ማነስ፣ ከዝምታው በስተጀርባ ደግሞ የትዳር ጓደኛን ከቀበሩ ወዲህ ያልወጣ ኀዘን። እነዚህን ሁሉ «እርጅና ነው» ብሎ መሸኘት አክብሮት አይባልም። በአክብሮት ስም የሚፈጸም መተው ነው።

ስለ መክሳት ሲነሣ ጾምን ማለፍ አይቻልም። የደብረ ወርቅ አዛውንት የዐቢይ ጾምን 55 ቀን፣ ረቡዕና ዓርብን፣ ሌሎቹንም አጽዋማት ሲጾሙ ከወጣቱ ይልቅ ያጠብቃሉ፤ ሰውነታቸው ምግብን በሚሻበት ዕድሜ ምግብን ይቀንሳሉ። የውጭው መመሪያ ሳይፈልጉ የከሱትን ብቻ ቁጠሩ ይላል። እኒህ አዛውንት ፈልገው ከሱ ወይስ ሳይፈልጉ? ፈቃዳቸው መጾም እንጂ መክሳት አይደለምና ጥያቄው በቀላሉ አይመለስም። ቤተ ክርስቲያኒቱ ለታመመ ሰው ጾሙን የምታላላው በነፍስ አባት በኩል ነው፤ ስለሆነም በዚህ ጉዳይ የጤና ሠራተኛዋ የመጀመሪያ አጋር ሐኪሙ ሳይሆን ካህኑ ሊሆን ይገባል። ጾሙ ባይላላ እንኳ ከባቄላና ከአተር ሽሮ፣ ከምስርና ከሽምብራ የሚገኘውን ኃይል ስለ ማብዛት መነጋገር ይቻላል።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሴት ሠራተኞችን ለማሰማራትና 16 የጤና ጥቅሎችን ለየቤቱ ለማድረስ ታቅዶ ነበር። የዕቅዱ ልብ እናትና ሕፃን ነበሩ። ይህም ትክክል ነበር፤ በብዛት ይሞቱ የነበሩት እነርሱ ነበሩና። ውጤቱ ግን በዕቃዎቹ ላይ ሳይቀር ይታያል፤ ተንጠልጣዩ ሚዛን የሕፃን ነው፣ የክንድ መለኪያው ጥብጣብ ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር ነው። አዛውንቱ በዚህ ቤት እንግዳ ናቸው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን እንክብካቤ እንዲያደርግ ግዴታ ጥሎበታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መምሪያ ደግሞ የአዛውንትን የመንቀሳቀስ፣ የማስታወስ፣ የማየት፣ የመስማት፣ የመመገብና የስሜት አቅም በመንደር ደረጃ መፈተሽ እንደሚቻል ያሳያል። መሣሪያውም ውድ አይደለም። አራት ሜትር ለመራመድ ከአምስት ሴኮንድ በላይ የወሰደበት ሰው፣ ወይም እጁን ሳይጠቀም ከወንበር አምስት ጊዜ ተነሥቶ ለመቀመጥ 14 ሴኮንድ ያልበቃው ሰው ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል። (በመደብና በዱካ ላይ ተቀምጦ ለኖረ ሰው የወንበሩ ከፍታ ራሱ ባዕድ መሆኑን ግን መለኪያውን የሠሩት ሰዎች አላሰቡትም።)

መለካት እንግዲህ ቀላል ነው። ችግሩ ከለኩ በኋላ ነው። ድካምን ያየ ሰው ባለዕዳ ይሆናል። አንድን ሽማግሌ አስነሥቶ፣ አራምዶ፣ ቁጥር ጽፎ መሄድና አለመመለስ ካለማየት የከፋ ነው፤ የነበራቸውን ክብር ገፎ በምትኩ ምንም አልሰጠምና። የብሪታንያ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ምክር መላውን አረጋዊ ሕዝብ ሰብስቦ መፈተሽን አልደገፈም፤ ሰውየው በሌላ ጉዳይ ባለሙያ ፊት ሲቀርብ ድካሙን ማስተዋል ይሻላል አለ። ለደብረ ወርቅ ይህ ምክር የበለጠ ይስማማል። የልጅ ልጇን ልታስከትብ የመጣችን አያት፣ ለሳል መድኃኒት የመጡን አባት እግረ መንገድ መጠየቅ ሰልፍ አያስይዝም፤ ስምም አያስለጥፍም። መጠየቅ ያለበት ግን የመመለሻው መንገድ እስከታየ ድረስ ብቻ ነው፤ ማለትም ዐይን የሚታይበት ቀን፣ ደም የሚመረመርበት ቦታ፣ ጉልበትን የሚያጠነክር የእንቅስቃሴ ልምምድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያችው ሠራተኛ ተመልሳ የምትመጣበት ቀን ሲኖር።

አጠያየቁም ከመለኪያው ባላነሰ ይወስናል። «ደክሞዎታል?» ለሚል ጥያቄ ምላሹ የታወቀ ነው። «ካምና ይሠሩት ከነበረው ዘንድሮ የትኛውን ሥራ ለልጅ አስረከቡ?» ቢባሉ ግን አዛውንቱ ያስባሉ። ማስረከብ የባለቤት ሥራ ስለሆነ ክብራቸው ሳይነካ እርሻውን፣ ዐጨዳውን፣ ገበያውን እየቆጠሩ ይናገራሉ፤ የተመናመነውም በዚያው ይቆጠራል። አልለካም፣ አልጠየቅም የሚሉም ይኖራሉ። በሙሉ ልቦናቸው እምቢ ካሉ እምቢታቸው መከበር አለበት፤ ይህም የሚቀጥለውን ጉብኝት አያስቀርም።

ከሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ጥያቄ የታየው ነገር ለማን ይነገራል የሚለው ነው። በሀገሩ ልማድ የሽማግሌ ሕመም የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ልጁም ለመጠየቅ መብት አለኝ ብሎ ያምናል። ነገር ግን ልጁ ወራሽም ነው፤ የወንድሞቹም ተፎካካሪ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሠራተኛዋ ለልጁ ከመንገሯ በፊት ለአባትየው ትናገራለች፤ ለልጁ ይነገር ወይስ አይነገር የሚለውን ደግሞ እርሳቸው ይወስናሉ። ስትወጣ ልጁ ከደጅ ቆሞ «እኅቴ፣ አባባ ምን ሆኑ?» ብሎ ቢጠይቃት፣ እርሳቸው እስኪፈቅዱ ድረስ «ግባና ራሳቸውን ጠይቃቸው» ከማለት በቀር ሌላ መልስ የላትም።